የላቦራቶሪው ሐኪም ምን ይመራመራል?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሕክምና ተማሪ ነኝ። ክሊኒካል ፓቶሎጂ ስፔሻላይዝ ለማድረግ ባስብም ጓደኞቼ «የማሽን ውጤት ከማንበብ አያልፍም» ይሉኛል። እውን የሚመራመሩበት ነገር አለ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ክሊኒካል ፓቶሎጂስት የደምና የሌሎች የሰውነት ፈሳሾች ምርመራ በኃላፊነት የሚመራ፣ ውጤቱም ለታካሚው ምን ማለት እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር የሚመክር ስፔሻሊስት ነው፤ ምርምሩም ከዚሁ ከዕለት ሥራው ይወለዳል። ለምሳሌ፣ ያሉባት ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ኩላሊት የቀይ ደም ሴል ምርትን የሚያነሣሣ ሆርሞን ይጨምራል፣ ሄሞግሎቢንም (ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ሴል ፕሮቲን) ከፍ ይላል፤ በመሆኑም የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ያስቀመጠው የ12 ግራም በዴሲሊትር የደም ማነስ ወሰን (ከዚያ በታች ከሆነ ደም ማነስ የሚባልበት) ለደጋ ነዋሪ ከፍ እንዲል ይመክራል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን ከባሕር ወለል ነዋሪዎች ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ታዲያ ከመንዝ የመጣች፣ በውጤት ወረቀቷ ላይ 12.3 የተጻፈላትና አጠገቡ «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት የሌለባት እናት ደም አንሷታል ወይስ አላነሳትም? እንዲያጠኑት ከልቤ የምመኘው ይህን ነው፤ የጤነኛ ሰው ውጤት ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ወሰን ለማውጣት ቢያንስ 120 ጤነኛ ሰዎች ይመረጣሉ፣ የብረት ክምችታቸውን ለማወቅ ፌሪቲናቸው አብሮ ይለካል፣ የትውልድና የመኖሪያ ቀበሌያቸው ከፍታም ይመዘገባል።