ተፈትሾ ዝም ያለ ሳጥን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እታለም። ስልኬ ላይ ኔትሃክ የሚባለውን የምድር ቤት ጀብዱ ጨዋታ እጫወታለሁ። ሦስተኛው ምድር ቤት ውስጥ የተቆለፈ ሳጥን አገኘሁና ፈተሽኩት፤ ወጥመድ አላገኘህም አለኝ። ቁልፉን ስከፍተው ግን ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ፤ ቀበሮዎች ደርሰው ጨረሱኝ። ጨዋታው ይዋሻል እንዴ?
ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ አልዋሸህም። የነገረህ አንተ አለማግኘትህን ብቻ ነው። ወሳኙ የምድር ቤቱ ጥልቀት ሳይሆን የጀግናህ ሌቭል፣ ማለትም የልምዱ ደረጃ ነው፤ ሌቭል 3 ከሆነ፣ ወጥመድ ያለበትን ሳጥን አንዴ ብትፈትሽ የምታገኘው ከሦስት አንድ ጊዜ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሌቭሉ ባደገ ቁጥር ይሻላል፤ ሌቭል 11 ላይ ግማሽ በግማሽ ይሆናል፣ ከሌቭል 21 ጀምሮ ደግሞ ካለ አያመልጥህም። አዲስ ተጫዋች የሚውልበት ዝቅተኛው ሌቭል ነው እንግዲህ ዐይን የሚጋርደው።

ስለዚህ ደጋግመህ ፈትሽ። ሳጥኑ ላይ ቆመህ # ምታና «untrap» (አንትራፕ) ብለህ ጻፍ፤ አቅጣጫ ሲጠይቅህ ነጥብ ምታ። ሌቭል 3 ላይ ሆነህ አምስት ጊዜ ብትፈትሽ፣ ወጥመድ ካለበት ሳጥን የሚያመልጥህ ከአስር አንዴ ያህል ነው። መጀመሪያውኑ ወጥመድ የሚኖረው ከአስር ሳጥን በአንዱ ስለሆነ፣ አምስቴ ተፈትሾ ዝም ያለውን እኔ ሳልፈራ እከፍተዋለሁ። ጀግናህ ናላው ዞሮ ሳለ ግን አትፈትሽ፤ ያለውን አያይም፣ የሌለውን አገኘሁ ይልሃል።

ፒያሳ ያለው ኮምፒውተር ቤቴ የሚመጡ ልጆች ሁሉ ቁልፉን ከፍተው ነው ለመፈተሽ የሚያስቡት። ያኔ አልፏል! ቁልፉ ሲከፈት ወጥመዱም ይነሳል። በእርግጫ ሰብሮ መክፈትም አያድንም።

ወጥመድ ተገኘ እንበል። ጨዋታው «ላክሽፈው?» ሲልህ አትቸኩል። የጀግናህን ቅልጥፍናና ሌቭሉን ደምር፤ ድምሩ የሚመዘነው ከ75 ትንሽ ከፍ ካለ ቁጥር ጋር ነው። ቅልጥፍናው 15፣ ሌቭሉ 5 ከሆነ የሚሳካልህ ከአራት አንዴ ገደማ ነው፤ የመረጥከው ጀግና ሌባ የሚባለው ዓይነት ከሆነ እጥፍ ይሆንለታል። ካልተሳካ ወጥመዱ እዚያው እጅህ ላይ ይነሳል። ሌባ ላልሆነና ገና ለጀመረ ሰው ምክሬ አንድ ነው፦ ትተኸው ሂድ፣ ስትጠነክር ትመለሳለህ።

እምቢ ካልክ ግን አስቀድመህ አካባቢውን አጽዳ፣ በር ካለ ዝጋ። አንተን የያዘህ ወጥመድ ከ5 እስከ 30 ተራ ያደርቃል፤ የገደለህም ሳጥኑ ሳይሆን ቀበሮው ነው። እሳት የሚተፋም ስላለ ጥቅልሎችህንና መድኃኒቶችህን ራቅ አድርገህ አስቀምጥ።

ዕድልህንም አስብ። ዕድል በከፋ ቁጥር ፍንዳታ ይበዛል፤ ፍንዳታው ከ6 እስከ 36 ጉዳት ያደርሳል፣ ሳጥኑንም ከነዕቃው ያጠፋዋል። መስታወት ከሰበርክ 2 ነጥብ ዕድል ተቀንሶብሃል። የሚመለሰውም በየ600 ተራው አንድ አንድ ነጥብ ስለሆነ፣ 1200 ተራ ያህል እስኪያልፍ ወጥመድ የተገኘበትን ሳጥን አትንካ።