የሰፈራችን ላይብረሪ እሁድ ሊዘጋ ነው ላልሽው እህት

እህቴ፣ «የካውንቲው በጀት ሊቀነስ ነው፣ ላይብረሪያችን እሁድ እሁድ ሊዘጋ ነው አሉ፣ ፔቲሽን ፈርሜያለሁ፣ ሌላ ምን ይደረጋል? ደግሞስ እኛን ሐበሾቹን ማን ይሰማናል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። እኛም ጋ የሰዓት ቅነሳ መጥቶ ስንሟገት ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ማን ላይ እንደምትጮሂ እንለይ። እዚህ ብዙ ሰው «የትራምፕ ሥራ ነው» ብሏል። ግማሹ እውነት ነው። ማርች 2025 ላይ ፕሬዚዳንቱ ለላይብረሪዎችና ለሙዚየሞች ድጎማ የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ እንዲኮማተር አዘዘ። መዘዙ ወዲያው ታየ። ሜይን የግዛቱን ላይብረሪ ሠራተኞች ቀነሰች፣ ሚሲሲፒ ሁፕላ የሚባለውን በስልክ መጽሐፍ መዋሻ አቋረጠች፣ ደቡብ ዳኮታ ደግሞ ላይብረሪዎች እርስ በርስ መጽሐፍ የሚዋዋሱበትን አሠራር አቆመች። 21 ግዛቶች ከሰሱ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ተፈረደላቸው፣ የተቋረጠውም ድጎማ ተመለሰ።

የአንቺ እሁድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሠራተኛው ደመወዝ፣ መብራቱ፣ በሩ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ አብዛኛው የሚሸፈነው ከካውንቲው ወይም ከከተማው ግብር ነው። ስለዚህ የሚወስነው ዋይት ሀውስ ሳይሆን የራስሽ ካውንስል፣ ማለትም የካውንቲሽ ወይም የከተማሽ ምክር ቤት ነው። እነሱ ደግሞ ያንቺን ሰፈር ድምፅ ይፈልጋሉ። ኒውዮርክን እይ። ኖቬምበር 2023 ላይ የያኔው ከንቲባ አዳምስ በጀት ሲቆርጥ ላይብረሪዎቹ እሁድ መክፈት አቆሙ። ሕዝቡ ደብዳቤ ጻፈ፣ ሰልፍ ወጣ፣ ካውንስሉም ሙጭጭ አለ። ጁን 2024 መጨረሻ ላይ 58.3 ሚሊዮን ዶላር ተመለሰ፣ እሁድም ተከፈተ።

ፔቲሽን አይከፋም፣ ብቻውን ግን ብዙ አይሠራም። ትልቁ ነገር ጊዜው ነው። እኛ ጋ የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል፤ ካውንስሉ ስብሰባ ጠርቶ ሕዝብ የሚያደምጠው ግን ኤፕሪል አካባቢ ነው። ጁን መጨረሻ ላይ ብትጮሂ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። የእናንተን ቀን ካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ እይና ለመናገር ቀድመሽ ተመዝገቢ። ዜግነት አይጠይቁሽም፣ ነዋሪ መሆንሽ ይበቃል። እንግሊዝኛው ካስፈራሽ አስተርጓሚ አዘጋጁልኝ በይ፣ ግን ቀደም ብለሽ።

የሚሰጥሽ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ፊት ለፊት ሰዓት ይቆጥራል፣ ሲያልቅ ቀይ መብራት ይበራል። እኛ ጋ አንዱ ተናጋሪ «ዕውቀት ብርሃን ነው» እያለ ደቂቃውን ጨረሰው፣ ቀና ብሎ ያየው የለም። ከሱ ቀጥሎ አንድ ኡበር የሚነዳ የኛ ሰው ተነሳ። «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እነዳለሁ። ልጆቼን ላይብረሪ የምወስደው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። እሁድን ከዘጋችሁ ለእኔ ቤት ሁሉንም ቀን ዘጋችሁት» አለና ተቀመጠ። ግማሽ ደቂቃ አልወሰደበትም። ከካውንስል አባላቱ አንዷ ብዕር አንስታ ስትጽፍ አይቻለሁ። እንደዚህ ተናገሪ። የቅርንጫፉን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደሚቸገር። እናትሽ የሲትዝንሺፕ ፈተና እዚያ ከተማረች እሱን በይ፣ የኢሚግሬሽን ፎርም ፕሪንት የምታደርጊው እዚያ ከሆነ እሱን በይ።

«ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ፣ ላይብረሪ ምን ያደርጋል?» ያልከው ወንድሜ ደግሞ፣ ስድስት ሰው በሁለት መኝታ ቤት አፓርታማ ሲኖር ልጅ የሚያጠናበት ጸጥ ያለ ጠረጴዛ ስልክህ ላይ አለ?

የላይብረሪ ሠራተኞቹን «ለምን አትቃወሙም» ብለሽ አታስጨንቂያቸው። የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፣ እንደልባቸው መቀስቀስ አይችሉም። በብዙ ቦታ ግን «የላይብረሪው ወዳጆች» የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አለ። እነሱ ይናገራሉ፣ በጀቱንም መስመር በመስመር ያውቁታል። እነሱን ፈልጊ። እኛን ያስተማሩን እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ለሁላችንም ነው። ላይብረሪ ስንት መጽሐፍ በውሰት እንደወጣ፣ ስንት ሰው በበሩ እንደገባ ይቆጥራል። የአማርኛ መደርደሪያው ላይ ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው መጽሐፍ ካለ፣ ቦታና ገንዘብ ሲጠብ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። ሐበሻ የሞላበት ሰፈር ውስጥ ካርድ ያወጣው ስንቱ ነው? ካርድ አውጡ፣ መጽሐፍ ተዋሱ። ባታነቡትም ተዋሱ ልል ነበር፣ ተውኩት።

እኛ ሁሉንም አላስመለስንም። እሁዱ ተረፈ፣ አንድ የማታ ሰዓት ግን ተቆረጠ። ለሱ ዘንድሮም እንመዘገባለን። አንቺ የካውንቲሽን ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ የመመዝገቢያውን ገጽ አብረን እንፈልገዋለን። የምትናገሪውንም ጽፈሽ ላኪው፣ ግን ከግማሽ ገጽ እንዳይበልጥ።