ሪፐር ከመከራየትህ በፊት ዶማ ያዝ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ቡሬ አካባቢ 40 ሄክታር በቆሎ አለህ። ትራክተርህ ባለ 90 ፈረስ ጉልበት ነው። በየዓመቱ በዲስክ ታርሳለህ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ትከሰክሳለህ፣ ማለትም ጓሉን ታደቃለህ። ሐምሌ ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ በቆሎው ቢጫ ይሆናል። ዝናቡ ሳምንት ዘወር ሲል ደግሞ ቅጠሉ ወዲያው ይጠቀለላል። «መሬቱ ታምቋል መሰለኝ፤ ሪፐር ልግዛ? ስንት ሴንቲ ሜትር ላስገባው?» ነው ያልከው። ሪፐር ማለት ትራክተር የሚጎትተው፣ የታመቀን መሬት በረጃጅም የብረት ጥርስ ከሥር የሚሰነጥቅ ማረሻ ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ወንድሞች «60 አስገባና ተገላገል» ብለውሃል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከመንግሥት እርሻ እስከ ግል ባለሀብት ድረስ ኑሮዬ ከትራክተር ጋር ነው። ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ መታመቁን አረጋግጥ። «መሰለኝ» ተብሎ ያን ሁሉ ናፍጣ አይቃጠልም። በቆሎው ገና ማሳ ላይ እያለ፣ ዝናብ ከጣለ ሁለት ቀን ቆይተህ፣ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍር። በበጋ ብትቆፍር ሁሉም ነገር ድንጋይ ስለሆነ ምንም አይነግርህም። አንዱን ጉድጓድ በቆሎው ከቀጨጨበት ቦታ፣ ሌላውን ትራክተር ረግጦት ከማያውቅ ድንበር ላይ አውጣ። ከዚያ የጉድጓዱን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች በቢላ እየወጋህ ውረድ። ቢላው እምቢ የሚልበት ቦታ ይኖራል፤ ከሱ በታች ደግሞ እንደገና ይለቃል። ሀርድፓን የሚሉት ያ የጠጠረ ንጣፍ ነው። በዲስክ በሚታረስ መሬት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ባለው መካከል ነው የማገኘው። የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ በሜትር ለካ። ሥሩንም እየው። ቁልቁል ወርዶ ድንገት ወደ ጎን ከታጠፈ ንጣፉ እንደከለከለው እወቅ።

40 ሄክታር ሙሉ ጉድጓድ አትቆፍርም። አንድ 10 ቁጥር ፌሮ ጫፉን አሹለህ እየወጋህ ዙር። እጅህ ቶሎ ይለምደዋል። ፔኔትሮሜትር (የአፈር ጥጥረት መለኪያ) ያለው ሰው ካገኘህማ ጥሩ ነው፤ ከ300 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ካነበበ አብዛኛው ሥር እዚያ ቦታ አያልፍም። እሱም ቢሆን በእርጥብ መሬት ነው የሚለካው።

አሁን ማንም ያላነሳልህን ነገር ላንሳ። ያንተ አካባቢ ቀይ አፈር ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማ አሲዳማነት ያጠቃዋል ይባላል፣ ጎጃም ደግሞ ከዋናዎቹ ውስጥ ነው። አሲድ ሲበዛ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይገድለዋል። ሥሩ አጭር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ደንዝዞ ይቀራል። ከላይ ስታየው በቆሎው ልክ መሬቱ የታመቀ ይመስላል፤ ቢጫ ይሆናል፣ ቶሎ ይጠወልጋል። ግን ቢላህ እምቢ ሳይል ይወርዳል። እንዲህ ከሆነ ሪፐር ምንም አያደርግልህም። ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልኬት፣ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከሆነ መፍትሔው ኖራ ነው። ስለዚህ ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትርና ከሱ በታች ካለው ለየብቻ አፈር ወስደህ ላቦራቶሪ አስመርምር። ሁለቱም ችግር አብሮ ካለብህ ደግሞ ኖራውንም ሪፐሩንም ነው የምትፈልገው። እንዲህ ያለ እርሻ ብዙ አይቻለሁ።

እንበልና ቢላው እምቢ አለህ፣ ንጣፉ 28 ላይ አለቀ። ጥርሱን 33 አካባቢ አስገባ። ከንጣፉ በታች 5 ሴንቲ ሜትር ካለፍክ በቂ ነው። 60 ለምን? ጥርስ ከአቅሙ በላይ ጠልቆ ሲገባ አፈሩን ወደ ላይ አንስቶ መሰንጠቅ ያቅተዋል፤ ወደ ጎን ይገፋዋል። ቀጭን ቦይ ታገኛለህ፣ ግድግዳው ግን ከበፊቱ የባሰ ይጠጥራል። በዚያ ላይ ባለ 90 ትራክተር 60 ላይ አይጎትትም፣ ጎማውን ሲያሽከረክር ነው የሚውለው። ለአንድ ጥርስ እንደ አፈሩ ከ30 እስከ 50 ፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። ያንተ ሁለት ጥርስ ነው፣ በቃ።

ሁለት ጥርስ አነሰ እንዳትል። በቆሎህን በ75 ሴንቲ ሜትር መስመር ከሆነ የምትዘራው፣ ጥርሶቹን በ75 ልዩነት እሰራቸው። የኋላ ጎማዎቹን ከመሃል እስከ መሃል 150 አድርጋቸው። እንዲህ ስታደርግ ጥርሶቹ ዘሩ በሚያርፍበት መስመር ሥር ይቀዳሉ፣ ጎማው በሁለት መስመር መካከል ይሄዳል። በሚቀጥለው ዙር ጎማህ ቀድሞ በረገጠበት ላይ ተመልሶ ያርፋል። ዘሩን ከቀደድከው መስመር ላይ ዝራ። በዚህ መንገድ ማሳውን ሙሉ ሳትቀድ የበቆሎው ሥር መንገድ ያገኛል። ለዚህ መስመሩን በካስማ ምልክት አድርግበት፣ ካልሆነ ሰኔ ላይ ፈልገህ አታገኘውም።

ጊዜው ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ግንቦት ላይ ዝናብ ሲጥል «መሬቱ ለሰለሰ» ብለው ያስገቡታል። በእርጥብ አፈር ውስጥ ጥርስ የሚያልፈው እንደ ቢላ በሊጥ ውስጥ ነው፤ ይቆርጣል፣ አይሰነጥቅም። ትክክለኛው ጊዜ በቆሎው እንደተነሳ፣ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። ተክሉ ውሃውን ጠጥቶታል፣ መሬቱ ግን ገና ጡብ አልሆነም። የካቲት ከገባ በኋላ ሸር ቦልት (ጥርሱ ሲከብደው እንዳይሰበር ቀድሞ የሚቆረጠው ብሎን) በካርቶን መግዛት አለብህ። ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ያለውን አፈር አውጥተህ በመዳፍህ ጠቅልለው። 3 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪቀጥን ሳይሰበር ከተጠቀለለ ጠብቅ። ከተፈረፈረ ግባ።

ጥቂት ሜትር ከሄድክ በኋላ ቁምና ከጥርሱ ኋላ መንገዱን አቋርጠህ ቆፍር። አፈሩ ከጥርሱ ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ እየሰፋ ተሰንጥቆ ማየት አለብህ። ቦይ ብቻ ካየህ ወይ እርጥብ ነው ወይ ጠልቀሃል።

ከእርሻህ ውስጥ ዋልካ ያለበት ጥግ ካለ እሱን ተወው። ጥቁር አፈር በበጋ ራሱን ይሰነጥቃል። የሱ ችግር ውሃ መውጫ ማጣቱ ነው፤ መደብና ቦይ ሥራለት።

ዩቲዩብ ላይ የምታዩትን የአሜሪካ ሪፐር በተመለከተ፤ እዚያም ቢሆን ሁሉም ቦታ አይከፍልም። ጆርጂያና አላባማ ያለው አሸዋማ መሬት ቶሎ ስለሚጠጥር ከመስመሩ ሥር በየዓመቱ ይቀዱታል፣ ያዋጣቸዋልም። ወደ አዮዋና ሚኒሶታ ስትሄድ ግን በብዙ ሙከራ የምርት ልዩነቱ ትንሽ ወይም ምንም ሆኖ ነው የተገኘው። እኛ አገር ደግሞ ባሕር ዳር አጠገብ ሮቢት ባታ ተፋሰስ ውስጥ ተመራማሪዎች በጥልቀት የታረሰውን ከተለመደው እርሻ ጋር አወዳድረው፣ በጥልቀት በታረሰው ውሃው የበለጠ ሰረገ፣ ጎርፉም ቀነሰ። ጥልቅ እርሻ እንደ መሬቱ ነው የምልህ ለዚህ ነው።

ደግሞ መልሰህ የምታምቀው ከሆነ ለምን ትቀደዋለህ? የተቀደደ መሬት ጎማ ሲያርፍበት ካልተነካው ይልቅ ቶሎ ይታመቃል። እኔ ትልቁን ጥፋት የማየው በመከር ጊዜ ነው። አይሱዙ 50 ኩንታል ለመጫን እስከ ማሳው መሃል ይገባል። የመኪና ጎማ ከ80 ፒኤስአይ በላይ ይነፋል፣ የትራክተርህ የኋላ ጎማ ከ20 በታች ነው። ልዩነቱን አስበው። መኪናው ዳር ይቁም፣ በቆሎው በትራክተር ጋሪ እስከዚያ ይውጣ፣ ጋሪውም በአንድ መንገድ ይመላለስ። አንድ ጊዜ መርገጥ ብቻውን አብዛኛውን ጉዳት ስለሚያደርስ፣ «አንዴ ነው የገባው» የሚባል ነገር የለም። ከመከር በኋላ የሚለቀቀው ከብት ደግሞ የላይኛውን ይጠቀጥቃል። እሱን እርሻ ያነሳዋል፤ ለሱ ብለህ ሪፐር አታስገባ። የጎረቤት ከብት መከልከል ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ቢያንስ መሬቱ እርጥብ ሲሆን ተነጋገሩ።

ሁለተኛውን ክስካሶም ብትተወው ደስ ይለኛል። አፈሩን ዱቄት ማድረግ ለዘር አይጠቅምም፣ ዲስኩም በተመሳሳይ ጥልቀት እየተመላለሰ ያንኑ ንጣፍ ነው የሚሠራው። ከማሳህ ላይ ጥቂት ሄክታር በየተራ ግብጦ ዝራበት። አሲድ ይችላል፣ ሥሩ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሲበሰብስ የበቆሎው ሥር በዚያው ቀዳዳ ይገባል። ገዢም አታጣም።

መግዛትን እርሳው። በየዓመቱ ለማትጠቀምበት ብረት ገንዘብ አትሰር። ተከራይ፣ ዘንድሮ የባሰውን 5 ሄክታር ብቻ ቅደድ፣ መሃሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቀደደ ሰፊ መስመር ተው። ሲታጨድ ሁለቱን ለየብቻ መዝን። ልዩነቱ ኪራዩንና ናፍጣውን ካልሸፈነ ሌላውን 35 አትንካው።

ኪራዩን በሄክታር ስትዋዋል ኦፕሬተሩ ቶሎ ለመጨረስ ጥርሱን ከፍ እንደሚያደርግ እወቅ፤ ዞር ብለህ ስትመለስ 20 ላይ ታገኘዋለህ። በሰዓት ከተዋዋልክ ደግሞ ይዘገያል። እኔ በሄክታር ሆኖ ጥልቀቱ ውሉ ላይ ተጽፎ፣ ፌሮው በእጄ ሆኖ ከኋላ መከተልን ነው የምመርጠው።