ለኢኮኖሚክስ ጀማሪዎች፦ እርካታን ከዋጋው ጋር መዝኑ

ልጆቼ፣ የሸማቹን ምዕራፍ ስትጀምሩ ከቀመሩ በፊት አንድ ቃል ግልጽ አድርጉ። ዩቲሊቲ ማለት ጠቃሚነት አይደለም፤ ሸማቹ ከዕቃው የሚያገኘው እርካታ ነው። ሲጋራ ጤና ይጎዳል፤ ለአጫሹ ግን ዩቲሊቲ አለው። እርካታ ከሰው ሰው ብቻ ሳይሆን ከቀን ቀንም ይለያያል፤ ጾመኛው ዓርብ የማይነካው ሥጋ በፋሲካ ማለዳ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ «ለማን? በየትኛው ጊዜ ውስጥ?» ብላችሁ ጀምሩ። ማርጂናል ዩቲሊቲ፣ ማለትም አንድ ተጨማሪ ዕቃ የሚጨምረው እርካታ፣ እየቀነሰ ይሄዳል የሚባለውም ጊዜው ከተወሰነና የሰውየው ምርጫ በመሃል ካልተለወጠ ነው።

አሁን ብዙ ተማሪ ወደሚወድቅበት ስሌት እንሂድ። ሻይ 10 ብር፣ ቦምቦሊኖ 20 ብር፣ የሳምንቱ በጀት 100 ብር ይሁን። የሻይ ማርጂናል ዩቲሊቲ በተርታ 40፣ 35፣ 30፣ 20፣ 10 ነው፤ የቦምቦሊኖ 60፣ 50፣ 40፣ 30። 60 ከ40 ይበልጣል ብሎ ወደ ቦምቦሊኖ የሚያደላ 4 ቦምቦሊኖና 2 ሻይ ገዝቶ ብሩን ይጨርሳል፤ ድምር እርካታው 255 ነው። የረሳው ዋጋውን ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ለዋጋው አካፍሉት፤ በአንድ ብር የሚገኘው እርካታ ይወጣል፦ ሻይ 4፣ 3.5፣ 3፣ 2፣ 1፤ ቦምቦሊኖ 3፣ 2.5፣ 2፣ 1.5። መጀመሪያ የሚገዛው ሻይ መሆኑ ወዲያው ይታያችኋል።

3 ላይ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ 3 ሻይና 1 ቦምቦሊኖ። «እኩል ሆነ» ብሎ እዚህ የሚያቆም አለ፤ የወጣው ግን 50 ብር ብቻ ነው። እኩልነቱም ገንዘቡን መጨረሱም አብረው መሟላት አለባቸው። 2 ላይ 4 ሻይና 3 ቦምቦሊኖ ይደርሳል፤ 40 ሲደመር 60፣ ልክ 100 ብር። እርካታው 275 ሆነ፤ በዚያው ብር 20 በለጠ።

ሻይ ወደ 20 ብር ቢወጣስ? ራሳችሁ ሥሩት፤ 2 ሻይና 3 ቦምቦሊኖ ታገኛላችሁ። የሻዩ 1.75፣ የቦምቦሊኖው 2 ሆኖ ልክ አለመግጠሙ አያስደንግጣችሁ፤ ሻይ በግማሽ ብርጭቆ ስለማይሸጥ ነው። ዋጋው ሲጨምር ሻዩ ከ4 ወደ 2 መውረዱ ግን የፍላጎት መስመር (ዋጋንና የሚገዛውን መጠን የሚያገናኘው) ቁልቁል የሚሄድበትን ምክንያት ያሳያችኋል።

እርካታን በቁጥር የሚለካ ሚዛን ግን የለም። ስለዚህ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንቱ ሂክስና አለን በ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ትንታኔውን በደረጃ ላይ ብቻ መሠረቱት፤ ሸማቹ የቱን እንደሚያስበልጥ ካወቅን ይበቃል። 275 ከ255 እንደሚሻል እንጂ «በምን ያህል» እንደሚሻል አትናገሩ፤ የአንዱን ሰው ዩቲሊቲም ከሌላው ጋር አታወዳድሩ። ኢንዲፈረንስ ከርቮች (እኩል እርካታ የሚሰጡ የሁለት ዕቃ ጥምረቶችን የሚያገናኙ መስመሮች) እርስ በርስ ተሻግረው ከሣላችሁም አጥፉት፤ ጥምረት ሀ ከለ፣ ለ ከሐ እኩል ከሆኑ ሀ እና ሐ እኩል መሆን አለባቸው፣ ሥዕሉ ላይ ግን ከሁለቱ አንዱ በሁለቱም ዕቃ ብልጫ ሊኖረው ይችላል።

ከርቩ የበጀት መስመሩን (በጀቱን ሙሉ የሚጨርሱ ጥምረቶችን የሚያሳየውን) የሚነካበት ነጥብ ያው የቀድሞው 4 ሻይና 3 ቦምቦሊኖ ነው፦ የማርጂናል ዩቲሊቲ ንጽጽር 20 ለ40፣ የዋጋ ንጽጽር 10 ለ20፣ ሁለቱም ግማሽ። ይህን እኩልነት ግን በሁሉም ቦታ በግድ አትፈልጉት። የጾመኛው የዓርብ ሥጋ መጠን ዜሮ ነው፤ መልሱ ያለው መስመሩ ዘንጉን በሚነካበት ጥግ ላይ ነው።