ፌርማታው ከዜብራው በፊት ነው፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትወርድበት ፌርማታ ከዜብራው በፊት ነው። ከአውቶቡሱ ወርዳ በፊት ለፊቱ ዞራ ትሻገራለች። ባለፈው ሳምንት መኪና ለትንሽ ሳታት። ስናመለክት «መንገዱ እንደ አዲስ ካልተሠራ አይሆንም፤ በጀት የለም» ተባልን። እውነት ያለ ትልቅ በጀት መላ የለውም? (የተማሪ እናት)

መልስ፦ እንኳን ልጅዎ ተረፈችልዎ። መላ አለው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ፌርማታውን ዜብራውን አሳልፌ እተክለው ነበር።

አሁን የቆመው አውቶቡስ ግድግዳ ነው። ልጅዎ ከአውቶቡሱ አፍንጫ ብቅ እስክትል፣ በጎን የሚያልፈው ሹፌር አያያትም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ደንገጥ ብሎ ፍሬን ለመርገጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ እግሩ ፍሬኑን ሳይነካ 14 ሜትር ሄዷል። ፌርማታው ከዜብራው ካለፈ ግን ሰው የሚሻገረው ከአውቶቡሱ ኋላ ነው። ያኔ መጪው ሹፌር ከሩቅ ያየዋል። ወጪው ምልክቱን ነቅሎ መትከልና ቀለም መቀባት ነው። የአውቶቡሱ ጭራ ዜብራው ላይ እንዳያርፍ ብቻ በቂ ቦታ ይተውለት።

ከዜብራው አጠገብ ዳር ይዘው የሚቆሙ መኪኖችም መነሳት አለባቸው። ስድስት ሜትር ያህል ባዶ ቢሆን ልጅና ሹፌር ይተያያሉ። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የምትገኘው ሆቦከን ከተማ ይህንኑ አድርጋለች። የመንገድ ጥጎቿን ከፓርኪንግ አስለቅቃ በፕላስቲክ ምሰሶና በብስክሌት ማቆሚያ አጠረቻቸው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለሰባት ዓመት በከተማዋ በትራፊክ አደጋ የሞተ ሰው አልነበረም። የፍጥነት ወሰኗንም ዝቅ ስላደረገች ውጤቱን ሁሉ ለጥጎቹ ብቻ አልሰጥም።

ሌላው የሚሻገሩትን ርቀት ማሳጠር ነው። አሥር ሜትር መንገድ በተለመደው እርምጃ ስምንት ሰከንድ ይፈጃል። ከግራም ከቀኝም አንድ ሜትር ተኩል ቢቀነስ ከስድስት ሰከንድ በታች ይሆናል። አንድ ጊዜ ሌሊቱን በኖራ መስመርና በኮን እንዲህ አጥበን አደርን። ጠዋት ምርኩዝ የያዙ አዛውንት መጡ። ኮኖቹ መሃል ገብተው ቆሙ፤ ግራ ቀኙን አዩ፤ ሳይሮጡ ተሻገሩ። ያን ቀን ለዚህ ሥራ ያለኝ ፍቅር ጨመረ።

ቀለም ብቻውን ግን መኪና አያቆምም። ምሰሶ ወይም ከባድ የአበባ ገንዳ ይጨመርበት። ለተሳፋሪ መቆሚያ ከፍ ያለ መድረክ ከተሠራም ለዊልቸር መውጫ ይኑረው፤ የጎርፍ መውረጃውንም አይድፈን።

እርስዎ አንድ ጠዋት ስልክዎን ይዘው ፌርማታው ጋ ይቁሙ። ስንት ሰው በአውቶቡስ ፊት እንደሚሻገር ይቁጠሩ፤ ቪዲዮም ይቅረጹ። ያንን ይዘው አዲስ መንገድ ሳይሆን የአንድ ወር ሙከራ በኮን ይጠይቁ። ለአውቶቡስ ሹፌሮቹ አስቀድሞ እንዲነገራቸውም አደራ፤ ካልሰሙ በድሮው ቦታ ነው የሚያቆሙት።