የሞተርን ጉልበት ከአየሩ ጀምራችሁ አስሉ

ውድ ልጆች፣

ይህን የምጽፈው መካኒካል ምህንድስና ለምትማሩ፣ ጋራዥ ውስጥ ለምትሠሩ፣ እንዲሁም ዝም ብላችሁ መኪና ለምትወዱ ሁሉ ነው። ዕድሜዬ ያለፈው በሞተርና በተማሪ መካከል ነው። ከሁለቱም የተማርኩትን አንድ ነገር ላካፍላችሁ።

ቴርሞዳይናሚክስን፣ ማለትም ሙቀት እንዴት ወደ ሥራ እንደሚለወጥ የሚያጠናውን ትምህርት፣ በጥሩ ውጤት ያለፉ ብዙ ልጆች አይቻለሁ። የግፊትና የይዘት ግራፉን ዓይናቸውን ጨፍነው ይስሉታል። ደጅ የቆመውን ቶዮታ ያሪስ አሳይቼ «ካታሎግ ሳታዩ ንገሩኝ፣ ይህ ሞተር ስንት ኪሎዋት ይሰጣል?» ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። ትምህርቱ ደብተር ውስጥ ቀርቷል፤ መኪናው ደግሞ ውጭ ነው። እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ወረቀትና እርሳስ ያዙና አብረን እንሥራው።

1NZ-FE የሚባለውን ባለ 1.5 ሊትር ሞተር እንውሰድ። ያሪስና ኮሮላ ላይ ስለሚገጠም አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቀው መካኒክ የለም። የሲሊንደሩ ዲያሜትር 75 ሚሊሜትር ነው፤ ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች 84.7 ሚሊሜትር ይሄዳል። ሲሊንደሮቹ አራት ናቸው። የክቡን ስፋት በፒስተኑ ጉዞና በአራት አባዙት፣ 1,497 ሲሲ ይመጣል። ኮምፕሬሽን ሬሾው፣ ማለትም ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የአየሩን ይዘት ስንት እጥፍ እንደሚያሳንሰው የሚነግረን ቁጥር፣ 10.5 ነው። ፋብሪካው ከፍተኛ ጉልበቱን በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ 80 ኪሎዋት፣ ማለትም ወደ 109 የፈረስ ጉልበት ይለዋል። ይህን ቁጥር ለጊዜው እርሱት።

ብዙ ሰው ስለ ጉልበት ሲያስብ ቤንዚን ይታየዋል። እኔ ግን ከአየሩ ጀምሩ እላችኋለሁ። ቤንዚን የፈለጋችሁትን ያህል መርጨት ትችላላችሁ። የሚነደው ግን አየሩ የፈቀደው ያህል ብቻ ነው።

ሞተሩ ባለ አራት ምት ስለሆነ፣ ማለትም መሳብ፣ መጭመቅ፣ ማንደድና ጭስ ማስወጣትን በአራት የፒስተን ጉዞ ስለሚጨርስ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር አየር የሚስበው በሁለት ዙር አንዴ ነው። 6,000 ዙር በደቂቃ ማለት 100 ዙር በሰከንድ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሙሉ ይዘቱን በሰከንድ 50 ጊዜ ይሞላል። ይህችን «በሁለት ማካፈል» የሚረሳ ተማሪ መልሱ እጥፍ ይሆንበታል። በየዓመቱ ፈተና ላይ የማየው ስህተት ይሄ ነው፤ እባካችሁ ልብ በሉ።

1.497 ሊትር በ50 ሲባዛ በሰከንድ 75 ሊትር ገደማ ነው። በባሕር ወለል ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 90 ግራም። ነገር ግን አየሩ በፊልትሮና በቫልቭ ጠባብ መንገድ ተጋፍቶ ነው የሚገባው፤ በዚህ ፍጥነት ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ አይሞላም። 90 በመቶ ብንል 81 ግራም አየር በሰከንድ ይገባል።

ቤንዚን በትክክል እንዲነድ ለአንድ ግራም 14.7 ግራም አየር ይፈልጋል። 81ን ለ14.7 ስናካፍል 5.5 ግራም ቤንዚን በሰከንድ እናገኛለን። በሰዓት ወደ 20 ኪሎ፣ ማለትም ከ26 ሊትር በላይ ነው። ነዳጅ ተራ ላይ ቆማችሁ ለምታውቁ ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። አንድ ግራም ቤንዚን ሲነድ 44 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል። በሰከንድ 242 ኪሎጁል፣ ማለትም 242 ኪሎዋት ሙቀት አለን።

ቴርሞዳይናሚክስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ባለ አራት ምት ሞተሩን አስነሳ። በስሙ የሚጠራው ዑደት የሚነግረን ቀመር አጭር ነው። ኮምፕሬሽን ሬሾውን በ0.4 ፓወር ታነሣላችሁ፣ አንድን ለእሱ ታካፍላላችሁ፣ ውጤቱን ከአንድ ትቀንሳላችሁ። ለ10.5 የሚመጣው 61 በመቶ ነው። ከ242ቱ 148 ኪሎዋት ማለት ነው።

አሁን ካታሎጉን ግለጡ። 80 ይላል።

አብዛኛው ተማሪ እዚህ ሲደርስ «ቲዎሪ ሌላ፣ ተግባር ሌላ» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ይህን አባባል አልወደውም። ምህንድስናው ያለው በትክክል በ148 እና በ80 መካከል ነው። ወሩ ሳያልቅ ደመወዙ ያለቀበት ሰው ወጪውን አንድ በአንድ እንደሚጽፍ፣ እናንተም የጠፋውን 68 ኪሎዋት ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት።

የመጀመሪያው ወጪ 0.4 የምትለዋ ቁጥር ናት። እሷ የቀዝቃዛና ደረቅ አየር ናት። ሲሊንደር ውስጥ ግን የቤንዚን ትነትና ከ2,000 ዲግሪ በላይ የጋለ ጭስ አለ። ለዚያ 0.3 ይቀርባል። በሱ ስታሰሉት ብቃቱ ወደ 51 በመቶ፣ ጉልበቱም ወደ 122 ይወርዳል። ቀጥሎ ከሲሊንደሩ ግድግዳና ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ወደ ራዲያተር ውሃ የሚሸሽ ሙቀት አለ። ቀመሩ ቤንዚኑ በቅጽበት ይነዳል ይላል። በእውነቱ ግን ለመንደድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ካንዴላው ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ቀድሞ የሚተኩሰው ለዚህ ነው። የጭስ ቫልቩም ፒስተኑ ታች ሳይደርስ ስለሚከፈት ገና ሊገፋ የሚችል ግፊት በማርሚታ ይወጣል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው 22 ያህል ቢወስዱ 100 ይቀራል። ከመቶው 20ውን ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት)፣ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት መደገፊያ)፣ የዘይትና የውሃ ፓምፑ በሰበቃ ይበሉታል። ሰማንያ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ወጪዎች፣ 22ቱና 20ው፣ ግምት ናቸው። ቤተ ሙከራ ያለው ሰው ይለካቸዋል። ግን እያንዳንዱ ወጪ ስምና ቦታ እንዳለው አያችሁ? ፋሻው ያለቀ ሞተር የቱ ላይ እንደሚከስር፣ ፊልትሮው የታፈነ ሞተር የቱ ላይ እንደሚጎዳ ከዚህ ወረቀት ላይ በጣት ማሳየት ትችላላችሁ። ጎበዝ መካኒክ ይህን በጆሮው ያውቀዋል። እናንተ በጆሮም በቁጥርም እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ወደ አገራችን ልመልሳችሁ። 1.2 ግራም ያልነው አየር የጅቡቲ ወደብ አየር እንጂ የአዲስ አበባ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ከፍ ብላለች። የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ባሕር ወለል ላይ 101 ነው። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር አየር 0.9 ግራም ብቻ ይሆናል። ሩቡ ጠፋ። መቶው ኪሎዋት 75 ሆነ። ሰበቃው ግን ከፍታ አያውቅም፣ ያው 20ውን ይወስዳል። የተረፈው 55 ነው። 80 ኪሎዋት ብላችሁ የገዛችሁት መኪና ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሚያቃስተው ስላረጀ ብቻ አይደለም። ማርሽ ቀንሱለት። ዙሩ ሲጨምር በሰከንድ የሚስበው አየር ይጨምራል፣ ጉልበቱም አብሮ ይመጣል። ቱርቦ ያላቸው የጭነት መኪኖች ዳገቱን ሻል ብለው የሚወጡትም የሳሳውን አየር ጨምቀው ስለሚያስገቡ ነው።

ስታሰሉ ሁለት ነገር አደራ። የሙቀት መጠንን በኬልቪን (ሴልሺየሱ ላይ 273 ደምራችሁ)፣ ግፊትን ከባዶ ጀምሮ ቁጠሩ። የጎማ ጌጅ ዜሮ ሲል ጎማው ውስጥ አየር የለም ማለት አይደለም፤ ከውጭው አየር ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ሌላው፣ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት መልሱ በየትኛው ሰፈር እንደሚሆን በእጃችሁ ገምቱ። ሶፍትዌር 800 ኪሎዋት ቢያወጣላችሁ «ይሄ ነገር አይሆንም» የምትሉት ያን ጊዜ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ኤሌክትሪክ እየመጣ ይህን ለምን እንማር?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አገር ውስጥ ያሉት መኪኖች ግን ነገ አይጠፉም፤ የሚጠግናቸው ሰው ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ መኪናውም ባትሪው ይግላል፣ ማቀዝቀዣም አለው። ያም ሙቀት የሚታሰበው በዚሁ ትምህርት ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። 1.0 ቪትዝ ውሰዱ፤ 997 ሲሲ፣ ከፍተኛ ጉልበቱ በ6,000 ዙር። መጀመሪያ ለባሕር ወለል አስሉ፤ በመጨረሻ ከሙቀቱ 33 በመቶውን ብቻ ውሰዱ፣ የያሪሱም 80 ከ242 ያን ያህል ነውና። 53 ኪሎዋት አካባቢ ከመጣላችሁ ልክ ናችሁ፤ ካታሎጉ 51 ይላል። ከዚያ ለሐዋሳ ድገሙት። ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ግፊቷ 82 ኪሎፓስካል ነው። ሰበቃውን ለብቻ መቀነስ አትርሱ፤ እንደ ያሪሱ፣ በባሕር ወለል ከሰበቃ በፊት ካለው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ውሰዱለት።