የእንጨት ማንኪያው ደብዳቤዎች

ባለፈው ስለ ራግቢ ሊግ ጥቂት ነገር ጽፌ ነበር። «እኛን ምን አገባን?» የሚል ቁጣ ነበር የጠበቅኩት። የመጣው ሌላ ሆነ። ሲድኒና ሰሜን እንግሊዝ ያሉ ሐበሾች ለካ ከእኔ ብሰው ተቃጥለዋል! ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስድቡንም ቀንሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የአዲስ አበባ አንባቢ፦ ይሄ ያው የአሜሪካ ፉትቦል አይደል?

አይደለም። ሄልሜት የለም፤ ኳስ በእጅ ወደ ፊት መወርወርም ክልክል ነው።

ያው አንባቢ በማግስቱ፦ እሺ፣ ከራግቢ ዩኒየንስ በምን ይለያል?

ዩኒየን 15 ለ15 ነው፤ ሊግ 13 ለ13። በሊግ ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ከተጣለ ኳሱን ያስረክባል። የተለያዩት በ1895 በእንግሊዟ ሃደርስፊልድ ከተማ ነው። የሰሜን ተጫዋቾች የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ለጨዋታ ብለው ከሥራ ሲቀሩ ደመወዛቸው ይቆረጣል። ክለቦቹ «እንካስ» ሲሉ፣ የበላዮቹ «ጨዋታ በገንዘብ ነውር ነው» አሉ። በዚህ ተለያዩ። የሊግ ክለብ እስከ ዛሬ ከሰፈሩ ጋር ሥጋና ደም የሆነው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ምዕራብ ሲድኒ የሚኖር አንባቢ፣ በልጁ ምክንያት የዌስትስ ታይገርስ ደጋፊ ሆኖ ቀርቷል። ክለቡ 2022፣ 2023 እና 2024 በተከታታይ መጨረሻ ወጥቶ «የእንጨት ማንኪያ» የሚባለውን የፌዝ ሽልማት ወስዷል። ከ2011 ወዲህ ለጥሎ ማለፉም አልበቃም። «ምን ይሻላል? እባክህ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዳትለኝ» ይላል።

አልልህም ወንድሜ። ዶሮዋ ካልታቀፈችው እንቁላል በእግሩ አይሄድም፤ ይገማል።

መጀመሪያ አንድ የሚያናድድህን ነገር ልንገርህ። ከ2021 እስከ 2024 የአውስትራሊያን አራት ዋንጫ በተከታታይ የወሰደው የዚያው የምዕራብ ሲድኒው ክለብ ፔንሪዝ ነው፤ አሰልጣኙ አይቫን ክሊሪ። የ2025ን የወሰደው ብሪዝበን ነው፤ አሰልጣኙ ማይክል ማጓየር። ሁለቱም ከዚያ በፊት የት ነበሩ? አንተ ቤት! ክሊሪ በ2018 መጨረሻ ትቷችሁ ሄደ፤ ማጓየርን በ2022 ውድድሩ መሃል ላይ አባረራችሁት። አምስት ዋንጫ በበራችሁ ወጣ ማለት ነው። እንግዲህ «አሰልጣኝ እንቀይር» የሚል ሰው ስብሰባ ላይ ሲነሳ ይህን አስታውሰው።

ፔንሪዝም ቢሆን ጻድቅ አልነበረም። በ1967 ሊጉን ከተቀላቀለ ጀምሮ እስከ 2020 ድረስ ያነሳው ዋንጫ ሁለት ብቻ ነው፤ የ1991 እና የ2003። በ2011 ፊል ጉልድ የሚባል ሰው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲመጣ ክለቡ ገንዘብም ተስፋም አልነበረውም። ሰውዬው የአምስት ዓመት ዕቅድ አለኝ አለ። አገር ሳቀበት። አምስቱ ዓመት አለፈ፣ ዋንጫ የለም፤ ሳቁ ባሰ። ያውም እኮ ራሱን ክሊሪን በ2015 «ደክሞታል» ብለው አሰናብተውት፣ በ2019 መልሰው አምጥተውታል። በተመለሰበት ዓመት አሥረኛ ወጡ። በ2020 ፍጻሜ ደርሰው ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ነው በሩ የተከፈተው።

ታዲያ አሰልጣኝ ሲሄድና ሲመጣ ያልተነካው ምን ነበር? ታዳጊው። ክለቡ የተቀመጠው ልጅ በሞላበት ሰፈር ነው። እነ ጄሮም ሉዋይ፣ ብራያን ቶኦና ስቲቨን ክራይተን ማውንት ድሩዊት ያደጉ ናቸው፤ ሀብታም ሰፈር አይደለም። ክለቡ እዚያ ገንዘብ አፈሰሰ፣ አካዳሚ ሠራ። ልጆቹን ከታች ጀምሮ አንድ ዓይነት አጨዋወት አስተማራቸው። ዋናው ቡድን ሲገቡ እንግዳ አልሆኑም።

ይሄ ነገር በሊግ የሚጠቅመው በደመወዝ ጣሪያው ምክንያት ነው። ክለቦች ለተጫዋች የሚከፍሉት ድምር የተገደበ ነው። ስለዚህ ስታሸንፍ ልጆችህ ይወደዱና ሌሎች ይነጥቁሃል። ከ2022 በኋላ ኪካውና ኮሮይሳው ሄዱ። ከ2023 በኋላ ክራይተን፣ ከ2024 በኋላ ሉዋይ። ፔንሪዝ ግን ክራይተንን ባጣ በዓመቱም አሸነፈ፤ ተተኪው ቀድሞ ስለሚታወቅ። ኮሮይሳውና ሉዋይ ደግሞ የመጡት ወደ እናንተ ነው። ፍሬውን ገዛችሁ፤ ዛፉ ግን እዚያው ቀረ።

ልጅ የለንም እንዳትለኝ። የእናንተው ሰፈር ካምፕቤልታውን ሙሉ ልጅ ነው። ችግሩ ማቆየት ነው። ላክላን ጋልቪን የሚባል ልጅ እጃችሁ ላይ ተገኝቶ በ2025 ውድድሩ ሳያልቅ ቡልዶግስ ወደሚባለው ሌላ ክለብ ሄደ። ክለባችሁ ባልሜይንና ዌስተርን ሰበርብስ ተዋህደው በ2000 መጫወት የጀመረ ነው። ሁለት ቤተሰብ አንድ ጎጆ ውስጥ ማለት ነው፤ እስከ ዛሬ ሜዳው እንኳ አንድ አይደለም። ልጅ የሚቆየው ቤቱ ሲረጋጋ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማስረው ውል የተጫዋች ሳይሆን የታዳጊዎቹን ክፍል የሚመራውን ሰው ውል ነው። አሥር ዓመት፤ ማንም እንዳይነካው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልለፍ። የፔንሪዝ ገንዘብ ጥሩ ድርሻው የሚመጣው በክለቡ መዝናኛ ቤት ካሉት የቁማር ማሽኖች ነው። ያ ገንዘብ የሚለቀመው ከዚያው ከሠራተኛው ሰፈር ኪስ ነው። ታሪኩን እያደነቅኩም ይሄ ይከነክነኛል።

ሊድስ አካባቢ ያሉ አባት፦ አንድ ሀብታም ቢገዛን አይሻልም? ደጋፊዎች አክሲዮን ግዙ እየተባልን ነው፣ ልግዛ?

የካናዳውን ክለብ ቶሮንቶን ያስታውሱ። ሀብታም ባለቤት ነበረው፤ ከታች ተነስቶ ለ2020 የእንግሊዝ ከፍተኛው ውድድር ወደሆነው ሱፐር ሊግ ገባ፤ ሶኒ ቢል ዊልያምስን የሚያህል ስም አስፈረመ። ውድድሩ ሳያልቅ ገንዘቡ አለቀና ወጣ። ብራድፎርድም አለልዎ፦ አራት ጊዜ የሱፐር ሊግ ሻምፒዮን፣ በ2017 መጀመሪያ ኩባንያው ፈረሰ። በአንጻሩ ኸል ኬአር የሚባለውን ክለብ ይመልከቱ። በ2016 በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ወረደ፣ ተመለሰ፣ በ2020 ከሁሉም በታች ሆኖ ጨረሰ። በ2025 ሦስቱንም ዋንጫ ጠራርጎ ወሰደ፤ ከዚያ በፊት 40 ዓመት ትልቅ ዋንጫ አላየም ነበር። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ደጋፊው ሜዳውን ጥሎ አልሸሸም። ስለ አክሲዮኑ የሒሳብ ባለሙያ ያነጋግሩ። እኔ የዕቁብ ሒሳብ ራሱ ይምታታብኛል።

ስሙን ያልጻፈ፦ የደመወዝ ጣሪያውን ማለፍ አይቻልም?

ይቻላል። ሜልበርን ስቶርም ሞክሮታል። በ2010 ተነቃበትና የ2007 እና የ2009 ዋንጫዎቹን ተነጠቀ።

አንዲት እናት፦ የ12 ዓመት ልጄ ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመታ። ለትንሽ ጊዜ ደነዘዘ፣ ከዚያ ደህና ሆነ። አሰልጣኙ ሐሙስ ልምምድ ይምጣ ብሏል። ልላከው?

እህቴ፣ አይላኩት። ይህን ጋዜጣ እያነበቡ ከሆነም ያስቀምጡትና ሐኪም ጋ ይውሰዱት። ጭንቅላቱ ተመትቶ የደነዘዘ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ መመለስ ራሱ አልነበረበትም። «ደህና ነኝ» ማለቱን አይመኑ፤ መጫወት የሚፈልግ ልጅ ሁሌ ደህና ነው። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ እንቅልፍ ከተጫነው፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ካንቀጠቀጠው ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። መቼ እንደሚመለስ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። አሰልጣኙ አይደለም፣ እርስዎም አይደሉም፣ እኔማ ጭራሽ። አሰልጣኙ ካኮረፈ ይኩረፍ።

የመጨረሻው፦ የእንጨት ማንኪያው በእውን ይሰጣል ወይ?

አይሰጥም፤ ስም ብቻ ነው። የታይገርሱ ወንድማችን ግን ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሳይሰቅል አይቀርም።